ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ

«ገባልሽ?» አለ አባቷ፣ ከመሪው ስር አጎንብሶ ማብሪያውን እያሰረ።

«ትንሽ ቀረኝ!» አለች ዕፀገነት።

ውሸቷን ነው። እጇ ከገባ ቆይቷል። ክንዷ እስከ ክርኗ በአሮጌዋ ላንድክሩዘር የፊት ፍርግርግ ውስጥ ገብቷል፤ ጣቶቿ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦ ይዘዋል። በፍርግርጉና በራዲያተሩ መካከል ያለችው ክፍተት የአባቷን እጅ አታስገባም። የጎረቤታቸውን የመካኒኩን የጋሽ ኑሪን እጅማ ተዉት፣ አንድ ዳቦ ያክላል። ስለዚህ ከትንሽነቷ ጀምሮ ጠባብ ቦታ ያለ ብሎን ሁሉ የእሷ ሥራ ነው። አባቷም ለሰው ሲያስተዋውቃት «ኤሌክትሪሺያኔ ናት» ይላል። ዛሬ ጠዋትም ብሏል፤ ዛሬ ግን ቃሉ አሳመማት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ደምሴ በዚህች መኪና ቱሪስት ይዞ ወደ ደቡብ ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ነው። እናቷ ፍቅርተማርያም አስተማሪ ናት። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ወዲህ ሁለቱ መኝታ ለዩ። ሽማግሌ ገባ፣ የንስሐ አባት ገባ፣ አልሆነም። አልተሰዳደቡም፣ አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም፤ ዝም እንደተባባሉ አለቀ። ክፉ ቃል ቢወጣቸው ኖሮ ዕፀገነት አንዳቸውን ጠልታ ትገላገል ነበር። አባቷ ጂንካ ሥራ አገኘ፣ ቤትም እዚያው ተከራየ።

ግን መኪናዋ እምቢ አለች! ሁለት ጊዜ ዕቃውን ጭኖ ከሀዋሳ ወጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዳገት ላይ ፈላችበትና ውሃ እያጠጣት ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛ በተመለሰ ቀን ዕፀገነት የምትሆነውን አጣች። ማንም ሳያያት የመኪናዋን የፊት መብራት ሳመችው። አዎ፣ መብራቱን! ምን ታድርግ፣ አባቷን የመለሰችላት እሷ ናት።

ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ሊወጣ ነው፤ አሁን ደግሞ ይኼ ነገር መጣ። ጋሽ ኑሪ ከተጋጨች ትንሽ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ነቅለው አመጡ። ራዲያተሩ ፊት ይታሰራል፤ ዳገት ላይ የሞተሩ ቬንትሌተር አልበቃ ሲል ይኼኛው አየር ይጨምርለታል።

«ሽቦውን ብቻ እንዳትገለብጪው፣ ልጄ» ብለዋት ነበር ቅድም። «ከተገለበጠ ወደ ኋላ ይዞራል። ወደ ራዲያተሩ መንፋት ሲገባው ወደ ውጭ ይነፋል፣ ከሞተሩ ጋር ይጣላል፤ መኪናዋ ከበፊቱም የባሰ ትፈላለች። ሞተሩን ሳታስነሱ ፍርግርጉ ላይ ሶፍት ያዢበት። ከተለጠፈ ልክ ነው፤ ካባረረው ገልብጠሽ እሰሪ።» ይህን ብለው ለጁምዓ ሶላት ወጡ።

ዕፀገነት ሁለቱን ሽቦዎች አየቻቸው። ከዚያ ቀዩን ከጥቁሩ፣ ጥቁሩን ከቀዩ አገናኘችና ናስትሮውን ጠመጠመችበት።

«ጨረስኩ!»

አባቷ ማብሪያውን ጫን ሲያደርገው ቬንትሌተሩ እየጮኸ ተነሳ። «ሰማሽው? ዘፈነ እኮ!» አለ ሳቅ ብሎ። «ሶፍቱንስ ሞከርሽው?»

«አዎ፣ ተለጥፏል።»

ዞር ሲልላት ከኪሷ ሶፍት አውጥታ ፍርግርጉ ላይ አደረገች። ነፋሱ ከእጇ ነጥቆ አቧራው ላይ ጣለው።

እጇን ልትታጠብ ወደ ቤት ገባች። እናቷ ለመንገድ የሚሆነውን በሶ በፌስታል ቋጥራ ካርቶን ውስጥ እያስገባች ነበር። ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ቀርታለች።

«ምን አለፋሽ፣ እማዬ?» አለች ዕፀገነት። «ደግሞ ይመለስ ይሆናል እኮ።»

የእናቷ እጅ ካርቶኑ ውስጥ ቀረ።

«እንዲህ እንዳትይ።»

«ለምን?»

«ሁለቴ ሸኝቼዋለሁ፣ ዕፁ። ሁለቴ በር ከፍቼ፣ እጄን አውለብልቤ፣ ገብቼ አልቅሼ ፊቴን ታጥቤያለሁ። ሲመለስ ደግሞ ራት አቀርባለሁ። ምን እንደምለው አላውቅም፤ እሱም ምን እንደሚለኝ አያውቅም።» ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። «ባለፈው ሲመለስ ውጭ ቆሞ እንደነበር አላየሽም? ብዙ ቆየ እኮ። ጥሩምባ ለመንፋት አፍሮ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አቅም የለኝም፤ እሱም ያለው አይመስለኝም።»

ዕፀገነት አይታለች። በመስኮት አይታው ነበር፤ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ነበር። እሷ ግን ሞተሩ እስኪበርድ የሚጠብቅ መስሏት በደስታ ስትዘል ቆይታለች። አሁን ያ ግንባር ትዝ አላት፤ አፍሮ ነበር።

ውጭ ሞተሩ ተነሳ።

«አባዬ፣ ቆይ!» እየሮጠች ወጣች። «አጥፋው! ማብሪያውንም ዝጋው!»

«ምነው?»

እጇን በፍርግርጉ አስገብታ ናስትሮውን መፍታት ጀመረች። አባቷ ወርዶ አጠገቧ ቆመ።

«ሽቦው ተገልብጧል» አለች ሳታየው።

«ተለጥፏል ብለሽኝ አልነበር?»

«ዋሸሁህ።»

አባቷ አቧራው ላይ የወደቀውን ሶፍት አየ። ከዚያ እሷን አየ። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ጎማው ላይ ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እንድትፈላብህ ብዬ ነው» አለች፤ እንባዋ መጣ። «እንድትመለስ።»

«ዕፁዬ…» አለ። በዘይት በጠቆረ እጁ ፊቱን ሸፈነ። አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም ነበር። ቢሆንም እጇን ከሽቦው አላነሳችም።

«ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለ በመጨረሻ።

«እሺ።»

«አመንሽኝ?»

«መኪናዋ ካልፈላች» አለች። ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አሰረች። አባቷ ተነስቶ ማብሪያውን ጫነ። ዕፀገነት ሶፍቱን ከመሬት አንስታ አራገፈችና ፍርግርጉ ላይ ያዘችው። ለቀቀችው። አልወደቀም።

«ተለጠፈ» አለች።

«ኤሌክት…» አለ አባቷ፤ ቃሉን አልጨረሰውም።

እናቷ ካርቶኑን ይዛ ወጣች። ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «በደህና ግባ» አለችው። «በደህና ሁኚ» አላት። ሞተሩ እንደገና ተነሳ፤ እናቷም እንደ ሁለቱ ጊዜያት ሁሉ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ብረት በሩ መራመድ ጀመረች።

ዕፀገነት ቀድማት ደረሰችና መቀርቀሪያውን ያዘች።

«አንቺ ግቢ፣ እማዬ» አለች። «ዛሬ እኔ እሸኘዋለሁ።»