የደንብ ልብሱ ልክ

«እንደ አምናው አድርገህ ስፋልኝ» አለችው፣ አባቷ ሜትሩን ከማጅራቷ ወደ ታች ሲለቀው። የአምናው የደንብ ልብስ ልክክ ብሎ ነበር የተቀመጠላት። የክፍሏ ልጆች ሳይቀሩ ማን እንደሰፋላት ጠይቀዋታል።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ስለኖረ ጀርባው ከላይ በኩል ጎብጧል፤ ቀልዱ ግን እስካሁን ቀጥ እንዳለ ነው።

«የአምናውን ከኋላ ርዝመት ጨምሬበት ነው» አላት። «የጎበጠ ሰው ልብስ ከኋላ ካልተጨመረበት ጫፉ ወደ ላይ ይሰቀላል። ለሽማግሌ ደንበኞቼ የምሰፋላቸው እንደዚያ ነው። የራሴንም ኮት።»

ክው አለች። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በቁመት በልጣ ከተመዘዘች ወዲህ «ምሰሶ» ይሏታል። ስሙን ከጠላችበት ቀን ጀምሮ አንገቷን ቀብራ፣ ትከሻዋን ሰብስባ ነው የምትሄደው። ማታ ማታ ጀርባዋን እንደሚያማት ለማንም ተናግራ አታውቅም። እሱ ግን በሜትሩ ደርሶበታል።

ሐኪም ለእሱ የነገረውን ነገራት። የእሱ አከርካሪ ብዙ ዘመን ጎንበስ ብሎ ስለከረመ በእንቅስቃሴ ሕመሙ ይቀልለታል እንጂ እንደ ድሮው አይቃናም። የእሷ አጥንት ግን ገና እያደገ ነው፤ አቋሟን ካስተካከለችና ጡንቻዋን ካጠነከረች ጀርባዋ ይመለሳል።

«እኔን ያጎበጠኝ ኑሮ ነው፤ አይቆጨኝም» አለ ጠመኔውን እያሻሸ። «አንቺን ግን የሰው አፍ ነው።»

ጫማዋም፣ መጽሐፏም፣ የምትተኛበት ፍራሽም ከዚያ ከጎበጠ ጀርባ የወጡ ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ስለሰጣት ፈጣሪዋን በልቧ አመሰገነች።

ችግሩ ጨርቁ ነው። ከአንድ ቀሚስ በላይ አይወጣውም። ጎብጣ ከተለካች ማንም አያውቅባትም። ቀና ብላ ከተለካች ግን ትምህርት ቤት በጎበጠች ቁጥር ቀሚሱ ከኋላ እየተሰቀለ ያሳጣታል።

«የፈለግሽውን እቆርጣለሁ፤ አልቆጣሽም» አላት። «መቀስ ግን ይቅርታ አያውቅም።»

ትከሻዋን ወደ ኋላ መለሰች፣ አገጯን አነሳች። እንደ ወታደር እንዳትገተር፣ ዘና እንድትል ነገራት። ትንፋሿን ስትለቅ ጀርባዋ ቦታውን ያገኘ መሰላት። አባቷ ሜትሩን ይዞ ወደ ትከሻዋ ተንጠራራ፤ አልደረሰባትም። እንደ ልማዷ ጎንበስ ልትልለት ቃጣትና ተወችው። እሱም የሚቀመጥበትን ዱካ እየጎተተ ሳቀ።

«ለካስ አልፈሽኛል» አለ ዱካው ላይ ሲወጣ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ፊቱ በርቶ።

እንዳይወድቅ በአንድ እጇ ክንዱን ደገፈችው።

«አመሰግናለሁ አባዬ» አለችው። «እንዲህ እንደቆምኩ ቁረጠው።»