አምቡባ ሻጩ እስኪርቅ

ወንበሩ በቤተል እጆች ከራሷ በላይ ከፍ ብሏል። ኢስሓቅ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል። ቲቸር እታፈራሁ ከጎን ክፍል ካሉት ሕፃናት ዘንድ ስለሆኑ ገላጋይ የለም።

ጥፋቱ የኢስሓቅ ነው። የቤተል እናት ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር የምትመጣው አርብ አርብ ብቻ ነው፤ ቤተል ለአርብ ብላ እናቷን ሥላ ነበር። ካይሮ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሥዕል የለም፤ ሙዚየሙ ያልሰቀለው ስላልታደለ ነው። ኢስሓቅ በእስክሪብቶ ጢም ጨመረበት። ያውም የጄኔራል ጢም።

ቤተል ደግሞ ስትቆጣ ዓባይ ፍሰቱን ያቆማል። ከሰፈራቸው ከሐዳይቅ አል-መዓዲ በታች ይህን የማያውቅ ዓሣ የለም። ባለፈው ሳምንት ተናዳ የወረወረችው ወንበር፣ ከታች ፎቅ የሚኖሩትን አከራይ ሐጃ ሱዓድን ከሶላታቸው አስደንግጦ አስነሣ። ሐጃ ወጥተው ቁርጡን ተናገሩ፦ እንዲህ ያለ ድምፅ ዳግመኛ ከሰሙ ቤታቸው ይለቀቅላቸው። ቤቱ ማለት የሐበሻ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ። ሌላ የሚያከራያቸው አልተገኘም።

ቲቸር እታፈራሁ ያን ቀን አልተቆጡም፤ ዘዴ አስተማሯት። አምቡባ የሚባለውን የጋዝ ሲሊንደር የሚሸጠው ሰው በመንገዱ ሲያልፍ ብረቱን በመፍቻ ይቀጠቅጣል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ድምፁን እስኪጠፋ ተከተዪው፤ ሐሳብሽ ከሸሸ ሳትቆጪ መልሺው፣ አሏት። ቤተል በጆሮዋ እስከ ከተማው ዳርቻ፣ እስከ ሔልዋን ትሸኘዋለች ተብሎ ተወርቷል።

አሁንም ከመንገዱ ቃ፣ ቃ፣ ቃ የሚል ድምፅ መጣ።

«ያዕኒ፣ በቃ፣ አምቡባው ሳይፈነዳ አንቺ ልትፈነጂ ነው» አለ ኢስሓቅ ከጠረጴዛው ሥር።

ጨፈነች። ወንበሩ እንደተሰቀለ ነው። ድምፁ ቀረበ፤ አሁን ይርቃል ብላ ጠበቀች። አልራቀም። እዚያው በራቸው ላይ ቆመ።

ጉድ ፈላ። የሚሸኝ ድምፅ ጠፋ። ግን ጆሮዋ አንዴ ተከፍቷልና ሌላ ሰማች፤ ሻጩ አምቡባ ለገዙት ለሐጃ ሱዓድ ደረጃ እንደማይወጣ ነግሮ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ ብሎ ሲሄድ፣ ሐጃ ደግሞ ብረቱን ብቻቸውን ደረጃው ላይ ሲጎትቱ። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። እንደገና አንድ እርምጃ፣ ትንፋሽ። የቤተልም ትንፋሽ ሳታውቀው ከሐጃ ጋር መሄድ ጀመረ።

ወንበሩን አወረደች። አንዱን እግር፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጉንዳን እንኳ አልነቃም።

«ውጣ» አለችው።

«ልትመቺኝ?»

«ሥዕሉን እንደገና እሠራዋለሁ፤ እርሳሱን የምትቀርጸው አንተ ነህ። አሁን ግን ና፣ የሐጃ አምቡባ ለብቻዬ ይከብደኛል።»

ዓባይን የምታቆመው ልጅ «ይከብደኛል» ስትል ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ኢስሓቅ አቧራውን አራግፎ ተከተላት። በሩ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀችና፣ በእጇ ይዛ፣ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ቀድማው ወረደች።