ልዑሉ ዳግም ወንዝ ተሻገረ

«በአምስት ኪሎ እንዙር ባክህ፤ ወንዙ ሞልቷል» አለ ሚናስ።

«የልዑል ዘር ወንዝ ፈርቶ አይዞርም!» አለ የአጎቱ ልጅ እንድሪያስ፣ ሳጥኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ።

በሳጥኑ ውስጥ የቅድመ አያታቸው አፅም አለ። ፒያሳ ያለው መካነ መቃብር ሊነሳ ስለሆነ አፅሙ አፍንጮ በር እንዲያርፍ ተወስኗል። ድልድዩ ለጥገና ተዘግቷል፤ ቤተሰቡና ቄሶቹ ቀድመው ዞረው ማዶ ይጠብቃሉ።

ቅድመ አያትየው እንዲህ በዋዛ የሚታይ አልነበረም። የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ዘመድ፣ ልዑልና የፈረሰኛ መኮንን ነበር። ጥይት እንደ ዝናብ ሲወርድ ብቻውን ወንዝ ተሻግሮ የክፍለ ጦሩን ሰንደቅ አዳነ። አዛዡ «ወታደሮችህስ?» ቢለው፣ ሰንደቁን ከፍ አድርጎ አሳየው። ተሸለመ፤ ጄኔራል ሆነ፤ አብዮቱ ሲያባርረው አዲስ አበባ መጥቶ ወታደር አሰለጠነ። የሚናስ እናት እትዬ አይናዲስ ይህን በየበዓሉ ሲያወሩ፣ ሰንደቁ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። እንድሪያስ በዚያ ጭብጨባ ነው ያደገው።

ወደ ገደሉ ወረዱ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ገረፋቸው። ጭቃው እያንሸራተታቸው፣ ቁጥቋጦ እየጨበጡ ተንፏቀቁ። ታች ያሉት ውሾች አጥንት ሸቷቸው ከበቧቸው። ሚናስ በድንጋይ ሲመክት አንዱ ባቱን ዘነጠለው።

«ሳጥኑ ደህና ነው?» አለ እንድሪያስ።

«እኔም ደህና ነኝ» አለ ሚናስ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ደፍርሶ ግንድና ጎማ እያንከባለለ ወደሚወርደው ውሃ ገቡ። መሃል ሲደርሱ የቆሰለው እግር ከዳ። ሚናስ ወደቀና የእንድሪያስን ቀበቶ ያዘ።

«እጅህን ስጠኝ! ጣለው አንተ! አጥንት ነው እኮ!»

እንድሪያስ ሁለቱንም እጆቹን ሳጥኑ ላይ አድርጓል። አንዱን ማላቀቅ ይችል ነበር፤ አላላቀቀም። ቀበቶውን የያዘችውን እጅ በክርኑ መታት። ደግሞ መታት። ለቀቀች። ውሃው ሚናስን ጠምዝዞ ከቋጥኙ ኋላ ወሰደው።

እንድሪያስ ማዶ ወጥቶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። የልዑሉ ወታደሮች ወንዙ መሃል ምን እንደሆኑ አሁን ገባው። በዚያ ሁሉ በዓል አንድ ሰው እንኳ ጠይቆ አያውቅም። እሱም አልጠየቀም።

ዳገቱን ሲጨርስ ዘመድ ጥላ ይዞ ቆሟል። ሲያዩት እልል አሉ። እትዬ አይናዲስ ግን ከትከሻው በላይ ወደ ገደሉ ይመለከታሉ።

«ልጄ፣ ሚናስስ?»

የእንድሪያስ እጆች ሳያዛቸው ሳጥኑን ከፍ አደረጉ።

ከኋላ የቆሙት ማጨብጨብ ጀመሩ።