ቤቱም ሄደ፣ ፀሐይም ሄደች

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ። የሌለው ከጎረቤት ተውሶ ይምጣ።

በጋሞ ተራራ ላይ፣ በዶርዜ፣ አንድ የቀርከሃ ቤት ነበረ። እንደ ዝሆን ግዙፍ፣ እንደ ዝሆንም ከበሩ በላይ የተዘረጋ አፍንጫ ያለው! ከርዝመቱ የተነሣ ደመና እንኳ ዘሎት ነበር የሚያልፈው።

በዚያ ቤት ዳሮቴ የምትባል ትንሽ ልጅ ከእናቷና ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። አያቷ አባባ ዳልቦ ሸማኔ ናቸው። እግራቸው መንገድ አይችልም፤ እጃቸው ግን አይደክምም።

ሽው! ጧ! ሽው! ጧ!

አንድ ቀን ምስጦች መጡ። ቀርጭ! ቀርጭ! የቤቱን እግር በሉት።

አንዱ ምስጥ ጠግቦ አገሣ። ውሻው ደንግጦ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጮኽ ቀረ።

በዶርዜ ምስጥ የበላው ቤት አይፈርስም። የተበላው ይቆረጥና ቤቱ በሰው ትከሻ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

«ነገ ቤታችን ከኮረብታው ማዶ ይሄዳል» አለች የዳሮቴ እናት።

ዳሮቴ ሄዳ ከአያቷ ጎን ተቀመጠች።

«አባባ፣ ፀሐይስ? እዚሁ ትቀራለች?»

አባባ ዳልቦ ሽመናቸውን አቆሙ።

«ፀሐይ? እሷማ ራሷ መንገደኛ ናት። ሬዲዮኔ ነግራኛለች።»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ከዋክብት ትልቅ መንደር አላቸው፤ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። ፀሐይ ያንን መንደር ትዞራለች። አንቺ ዓይንሽን አንዴ እርግብ ስታደርጊ፣ እሷ አርባ ምንጭ ደርሶ መልስ የሚያህል መንገድ ትሄዳለች።»

ዳሮቴ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። እርግብ!

«ሄደች?»

«ሄደች!»

እርግብ! እርግብ!

«አሁንስ?»

«ሄደች፣ ሄደች! እንዲህ እየበረረች እንኳ፣ አንዴ ዞራ ለመጨረስ ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል።»

ዳሮቴ በጣቷ ልትቆጥር ሞከረች። የእሷ ጣት አለቀ፤ የአያቷን ጨመረች፤ የዶሮዋንም ጨመረች። አልበቃም።

«ታዲያ ምድርስ?» አለች ቀስ ብላ። «ምድር ትቀራለች?»

አባባ ዳልቦ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ።

«ፀሐይ ምድርን ይዛት ነው የምትሄደው። ጨረቃንም ይዛት ነው። ማንም አይቀርም።»

«ማንም አይቀርም» አለች ዳሮቴ።

በማግሥቱ ጠዋት ጎረምሶቹ መጡ። አርባ ነበሩ፤ ሲጮኹ ግን አርባ ሺህ ይመስሉ ነበር።

ዶሮዋ ቅርጫት ውስጥ ገባች። ፍየሏ ተፈታች። ቤቱ ዙሪያውን ቀርከሃ ታሰረለት።

አባባ ዳልቦ ግን ከእንሰቱ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አልነሣም አሉ።

«አያ ዳልቦ፣ ይምጡ እንጂ! እኔ አዝልዎታለሁ» አለ የጎረምሶቹ አለቃ ቶንጎላ።

«ጆንያ ነኝ እንዴ የምታዝለኝ? እግር የከዳው ሰው ለመንገደኛ ሸክም ነው። ቤቱን ውሰዱ፤ እኔን ለምስጡ ተዉኝ።»

ማንም አልሣቀም። ፍየሏ እንኳ ማላመጧን አቆመች።

ዳሮቴ ሄዳ አያቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ምድር እግር አላት?»

«የላትም።»

«ታዲያ ፀሐይ ጥላት ሄደች?»

አባባ ዳልቦ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ።

«አልሄደችም» አሉ።

«በሉ እንግዲህ!» አለ ቶንጎላ። «ሁሌ ለእኛም በሚነግሩን በገዛ ሬዲዮዎ ወሬ ተረቱ!»

ዳሮቴ ሮጣ ወፍራሙን ቡልኮ አመጣች። አባባ ዳልቦ ራሳቸው የሸመኑት ነው።

ጎረምሶቹ ቡልኮውን ቤቱ ውስጥ፣ ከቀርከሃ ወደ ቀርከሃ ወጥረው አሰሩት። አባባ ዳልቦንም አንሥተው በላዩ አስቀመጧቸው።

ገሚሱ ከውስጥ፣ ገሚሱ ከውጭ ሆኖ ቤቱን ያዘ።

«ሆ! ሃ! ማን ይቀራል?» ጮኸ ቶንጎላ።

«ማንም አይቀርም!» አለች ዳሮቴ።

ቤቱ ሰማንያ እግር አወጣና ሄደ። ሆ! ሃ! ዳገቱን ወጣ። ሆ! ሃ! ቁልቁለቱን ወረደ።

አባባ ዳልቦ በቡልኮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ጢሱ ነው» አሉ። እሳት ግን አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ቤቱ በአዲሱ ቦታ ቆመ። ትንሽ አጥሯል፤ ደመና ከእንግዲህ ሳይዘል ያልፋል።

ፀሐይም በአዲሱ በር ትይዩ፣ ቀስ ብላ ጠለቀች።

«አባባ፣ አሁንም እየሄደች ነው?»

«አሁንም።»

«እኛንም ይዛ?»

«እኛንም ይዛ።»

ዳሮቴ ከአያቷ ጋር ቡልኮው ውስጥ ገባች። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። እርግብ። አርባ ምንጭ ደርሶ መልስ።

እርግብ። አርባ ምንጭ ደርሶ መልስ።

በሦስተኛው ጊዜ ዓይኗ አልተገለጠም። ተኛች።

ቡልኮው ዳሮቴን ይዞ፣ ምድር ቡልኮውን ይዛ፣ ፀሐይም ምድርን ይዛ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ።

ማንም አልቀረም።

ጆሮ የተዋሳችሁ፣ ለጎረቤት መልሱና ተኙ።