የሰገነቷ የኑግ አበባ

አቶ መኩሪያ ጎሮ ባለው ቤታቸው ጓሮ፣ በውሃ ታንከሩና በአጥሩ መሃል ባለች ጠባብ ቦታ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ያገኟቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርነሽ ናቸው፤ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አያት ሰፈር ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ። የሰው ለቅሶ ደርሶ መጥቶ የራስን መቀመጥ፣ እግዜር አያሳይ! የሟቹ መነጽር ፊታቸው ሥር ደቅቋል። ከላይ፣ ከሰገነቱ ላይ ደግሞ ካሜራቸው በሦስት እግሩ ቆሞ፣ በጀሪካን በተተከለች የኑግ አበባ ላይ አፍጥጧል።

ጎረቤቱ ሁሉ «ፎቶ ሲያነሱ አዳልጧቸው ነው» አለ። ሳጅን በዳሳ ግን ሰገነቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ከነክሩ ተበጥሶ ስላገኘ «ሰው ገፍቷቸዋል» አለ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ካሜራው ውስጥ ያለችው የመጨረሻ ፎቶ ከሰዓት በኋላ የተነሳች ናት። በዚያን ሰዓት ቤት ውስጥ ከአባቷ ጋር የነበረችው ልጃቸው ማኅደር ብቻ ነች። በዋዜማው ደግሞ አባትና ልጅ «ዱባይ ለሥራ እሄዳለሁ፣ አትሄጂም» ሲባባሉ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። በዳሳ ይህን ሁሉ ደመረና ልጅቷን አሰራት።

ኢንስፔክተር ሰኪና መዝገቡን ስትረከብ ማኅደር ፍርድ ቤት ልትቀርብ አንድ ቀን ብቻ ቀርቷት ነበር። ሰኪና ድሮም ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ሻይ እንኳ ቆማ ነው የምትጠጣው። ያን ቀን ደግሞ ባሰባት።

«ካሜራውን ነክተኸዋል?» አለችው በዳሳን፣ የሟቹን ቤት ደረጃ እየወጣች።

«የፎቶ ካርዷን ብቻ ነው ያወጣሁት ኢንስፔክተር። ከዚያ በፌስታል ሸፈንኩት።»

«በፌስታል?»

«ጤዛ እንዳይገባበት ብዬ ነዋ!»

ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ሰገነቱ ላይ የጥቅምት ነፋስ የጎረቤትን ቆርቆሮ ያንኳኳል፤ አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ወሬ ይቋረጣል። የሰገነቱ መከለያ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ቆመዋል፤ ከበሩ አላለፉም።

ሰኪና የቅዳሜን ፎቶዎች በበዳሳ ስልክ አየቻቸው። የጠዋቶቹ የአበባዋን ጸጉር ሳይቀር ያስቆጥራሉ። የመጨረሻዋ ግን ቢጫ ጭረት ብቻ ነች።

«ይቺ ምን ሆና ነው?»

«ነፋስ አወዛውዟት ነው» አለ በዳሳ።

«መኩሪያ? በነፋስ?» ወይዘሮ ብርነሽ ከበሩ ሆነው ተናገሩ። «ምን ነካህ ልጄ! ነፋስ ከተነሳ እኮ ካሜራ አይነካም። ጠዋት ጠዋት፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያነሳው። እኔን ራሴን ‹ጥላሽን ሰብስቢ፣ አበባዋ ትደነግጣለች› ይለኝ ነበር። እብድ ነበር በአበባ!» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሲያነሱ መነጽራቸውን ያደርጋሉ?»

«ያወልቀዋል። ደረት ኪሱ ውስጥ ነው የሚከተው።»

ሰኪና ጎንበስ ብላ በካሜራው ማያ ቀዳዳ ተመለከተች። ዓይኗ ጤነኛ ነው፤ አበባዋ ግን ደብዝዛ ታየቻት።

«አትልፊ፣ የሱ ካሜራ ለማንም አያሳይም» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ። «ለራሱ ዓይን ነው ያበጀው። ከቀዳዳው ጎን የምትዞር ነገር አለች።»

ሰኪና ጥፍር የምታክለውን መዘውር አገኘቻት። በአንድ በኩል የመደመር፣ በሌላው የመቀነስ ምልክት አላት። የቆመችው ወደ መደመሩ ዞራ ነው። ሰኪና ብዙ ቆይታ አየቻትና ቀና አለች።

«ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ማን ማን ነበር?»

«እኔ በጠዋት ወጥቻለሁ። ፍሬም ሠሪው ፍስሃ ፍሬም አምጥቶ ነበር። የማኅደር የክርስትና እናት ፀሐይነሽም ነበረች። ሁለቱም ከምሳ በፊት ሄድን ብለዋል፤ ከዚያ በኋላ ቦሌ፣ ዐውደ ርዕይ በሚያሳዩበት አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ሲሰቅሉ መዋላቸውን ሰው ሁሉ አይቷቸዋል።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ኢንስፔክተር፣ ባሌን ቀብሬያለሁ። ልጄን አትቅበሪብኝ።»

ሰኪና ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

ማኅደር ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች። የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል መነጽር አድርጋለች። ሥራዋ ኤርፖርት ነው።

«ቅዳሜ ሥራ ገብተሽ አልነበረም እንዴ?»

«ገብቼ ነበር። ራሴን ሲያመኝ አስፈቅጄ ተመለስኩ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ አባዬ ላይ ያለ መስሎኝ፣ ተኳርፈን ስለነበር አልወጣሁም። ኪኒን ውጬ ተኛሁ። እማዬ ስትጮህ ነው የነቃሁት።» እንባዋ መነጽሯ ሥር ተጠራቀመ። «ወጥቼ ‹አባ› ብለው ምን ነበረበት?»

«መመለስሽን ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

«ያባትሽን ካሜራ ታውቂዋለሽ?»

«ዓይኔ የሱ ዓይን ነው፤ ቅርብ እንጂ ሩቅ አያይም። መዘውሩን እስከ መጨረሻው ወደ መቀነሱ ነው የሚያዞረው። እኔም መነጽሬን አውልቄ በሱ ካሜራ ሳይ ጥርት ይልልኛል። ‹እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናይበት› ይለኝ ነበር።»

«ወደ መደመሩ ቢዞርስ?»

«ያ ደግሞ ቅርቡ ለማይታየው ሰው ነው። ለኛ ጉም ይሆናል።»

ሰኪና ወዲያው ወጣች። በዳሳ ሻዩን ሳይጨርስ ተከተላት።

አዳራሹ ቦሌ፣ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ነው። ግድግዳው በሙሉ አበባ ሆኗል። የአቶ መኩሪያና የወይዘሮ ፀሐይነሽ የጋራ ዐውደ ርዕይ ሲሆን፣ የፊታችን ቅዳሜ ይከፈታል። በሩ ፊት ለፊት፣ ከሁሉም ጎልታ፣ አንዲት ነጭ አበባ ከባሌ ተራራ ጭጋግ ውስጥ ብቅ ብላ ታበራለች። የጥሪ ካርዱም ላይ ያለችው እሷው ነች።

ፍሬም ሠሪው ፍስሃ መዶሻ ይዞ ከመሰላል ወረደ።

«ከአቶ መኩሪያ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«እኔ? ኧረ በስመአብ! አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ ‹ያቺን ነጭ አበባ አትስቀላት። ለምን እንደሆነ ፀሐይነሽ ራሷ ትነግርሃለች።›»

«ነገረችህ?»

«ሱቄ ደርሼ ስመጣ እትዬ ፀሐይነሽ ራሳቸው ሰቅለዋት አገኘሁ። የተስማሙ መሰለኝ።»

«ካሜራ ትችላለህ?»

«እኔ ከፍሬም ውጭ ምን አውቅልዎታለሁ! በስልኬ ነው የማነሳው፣ እሱም ጭንቅላት ይቆርጣል።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ጥቁር ለብሰዋል፤ ሃምሳን አልፈው ቢሆንም ወገባቸው ቀጥ ያለ ነው። ስልካቸው ሲጮኽ ማን እንደደወለ ለማየት ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁት። ሰኪና ይቺን አላለፈቻትም።

«ምን ላድርግልሽ ልጄ?»

«ስለ አበባ ላስቸግርዎ ነው። ሰው ምን አግኝቶ ነው አንዲት አበባ ፊት ግማሽ ቀን የሚንበረከከው?»

የሴትዮዋ ፊት በራ። «አይ ልጄ! በዓይንሽ የማታዪውን ነው የሚያሳይሽ። ይቺ ሌንሴ የትንኝ ጉልበት ታሳይሻለች! ስትጠጊ፣ ስትጠጊ፣ ዓለም እንዳለ ይጠፋና አንቺና አበባዋ ብቻ ትቀራላችሁ። የካሜራው መዝጊያ ቀጭ ሲል ደስታው … ወልደሽ እንደማቀፍ ነው። እኔ አልወለድኩም፤ ማኅደር ነች ልጄ።» ወደ ግድግዳው ዞሩ። «እነዚህን እዪ። ከእንቡጥ ጀምሮ እስኪፈነዳ ያሉት ሁሉ ናቸው። የካሜራውን ሰዓት ሞልቼ ተኛሁ፤ እሱ በራሱ እያነሳ አደረ።»

«ሰው ሳይኖር?»

«ሰው ምን ይሠራል? ሰዓቱን ትነግሪዋለሽ፣ ያነሳል። ሲጨርስ ራሱ ያቆማል።»

«እቺ ነጯስ?»

«እሷ…» ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሷን ማንም ዳግመኛ አያገኛትም።»

ሰኪና አመስግና ወጣች። መኪና ውስጥ በዳሳን «ነገ ፍርድ ቤት ሳንሄድ ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰብስብልኝ። ልጅቷንም» አለችው።

«ልጅቷንም? ብታመልጥስ?»

«በዚያ መነጽር የት ትደርሳለች? ዝም ብለህ አምጣት።»

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ገና አልተነሳም። ከታች ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይንሾካሾካል። ሰገነቱ ላይ ወይዘሮ ብርነሽ ልጃቸውን አቅፈው አልለቅም ብለዋል። ፍስሃ ባርኔጣውን ያሻሻል። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ሰኪና ደግሞ ከጥግ ጥግ ትመላለሳለች።

«ሥራ አላበዛባችሁም» አለች። «በዚህች ቀዳዳ አይታችሁ ምን እንዳያችሁ ትነግሩኛላችሁ። ፍስሃ፣ ጀምር።»

ፍስሃ አየ። «ቢጫ ነገር ነው። ደብዝዟል።»

ማኅደር መነጽሯን አውልቃ አየችና ደነገጠች። «ጉም ነው! ይሄ የአባዬ ካሜራ አይደለም እንዴ?»

«እርስዎስ እትዬ ፀሐይነሽ?»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ካሜራው ላይ ሲጎነበሱ ትከሻቸው ላላ። የለመደ ሰው አጎነባበስ ነው። ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «ጉንዳን አለች እኮ! ውይ፣ የአበባዋን ዱቄት በግንባሯ ተሸክማ! ነፋሱ ሳይመጣ አንሷት…»

ቀና ሲሉ ሁሉም ያዩዋቸዋል። ፈገግታው ከንፈራቸው ላይ ቀረ።

«ጉንዳኗን ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች ሰኪና ቀስ ብላ። «እኔም ትናንት አይቼ ደብዝዞብኛል። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። አቶ መኩሪያ ሲያነሱ መነጽር ያወልቃሉ፤ የወደቁት ግን መነጽር አድርገው ነው። ስለዚህ ሲወድቁ ያዩ የነበረው አበባ ሳይሆን ሰው ነው።»

ወይዘሮ ብርነሽ «ወይኔ» አሉ በቀስታ።

«ሁለተኛ፣ የመጨረሻዋ ፎቶ በነፋስ ተበላሽታለች። ትንፋሻቸውን ውጠው የሚያነሱ ሰው እንዲህ አያነሱም። እንዲያውም ነፋሱን የሚያይ ማንም ሰው አያነሳም። ያነሳው ነፋስና ፀጥታ የማይለየው ካሜራው ራሱ ነው፤ ሰዓቱ ተሞልቶለት። ያን ጊዜ አቶ መኩሪያ ሞተው ነበር።»

«ታዲያ ማን ሞላው?» አለ በዳሳ። ጥያቄው አመለጠው መሰለኝ።

«ዓይኑን ትቶ የሄደው ሰው ነዋ! በዚህ ፀሐይ የካሜራው የጀርባ መስታወት ስለማይታይ አበባዋ ላይ ለማነጣጠር በቀዳዳው ማየት ግድ ነው። በሟቹ ዓይን የተሠራ ቀዳዳ ደግሞ ለሌላ ሰው ጉም ነው። ፎቶግራፈር ያልሆነ ‹ተበላሽቷል› ብሎ ይተወዋል። ፎቶግራፈር ግን ሳያስበው መዘውሯን በጣቱ ያዞራታል፤ ልክ እኛ የሰው መኪና ስንነዳ ወንበሩን እንደምናስተካክለው። ጠዋት አቶ መኩሪያ በዚሁ ካሜራ አጥርተው አንስተዋል። ከሳቸው በኋላ የገባው ዓይን ቅርቡ የማይታየው ዓይን ነው። ማኅደር አይደለችም፤ እሷ የአባቷ ዓይን ነው ያላት፣ መዘውሩን ባልነካችው ነበር። ፍስሃም አይደለም፣ መዘውሩ መኖሩንም አያውቅም። እርስዎ ስልክ ሲያዩ ክንድዎን ይዘረጋሉ።»

«የነጯ አበባ ነገር ነው አይደል?» አለ ፍስሃ አፉን ይዞ።

ከእንግዲህ እኔም አንቱ አልላትም። ፀሐይነሽ መከለያው ላይ ተቀመጠች።

«ካነሳኋት በኋላ ቀጠፍኳት» አለች። «ሌላ ሰው እንዳያነሳት። በዚያ ተራራ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። መንገድ መሪው ለመኩሪያ ነገረው። ‹አበባ ገድለሽ አበባ ወዳጅ ልትባዪ? ራስሽ ተናገሪ፣ አለዚያ በመክፈቻው ቀን እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ስሜ ነበር! ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ስም! ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ፤ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው። ኮሌታውን ይዤ ለመንኩት። ‹አይሆንም› አለ። ገፋሁት።» አንድ አውሮፕላን እስኪያልፍ ጠበቀች። «እንዲወድቅ ብዬ አልነበረም። ከዚያ ግን … ፎቶው ሲነሳ እኔ አዳራሽ ሰው መሃል እውላለሁ ብዬ ሰዓቱን ሞላሁት። ቤት ማንም የለም ብዬ ነው። ማኅደርዬ፣ በመድኃኔዓለም፣ ሥራ ላይ ያለሽ መስሎኝ ነው!»

«ስታሰር ግን አወቅሽ» አለች ሰኪና።



ማኅደር ከእናቷ እቅፍ ወጥታ መነጽሯን አደረገች። የክርስትና እናቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«እቴቴ፣ ጣቢያ በየቀኑ ምሳ ስታመጪልኝ ነበር» አለች። «አልበላም ስልሽ ‹በሞቴ› እያልሽ አጎረስሽኝ። ትናንትም ‹ብይ ልጄ፣ እውነቱ ይወጣል› አልሽኝ።»

«ልጄ…»

«ያጎረስሽኝ አባዬን በገፋሽበት እጅ ነው?»

ፀሐይነሽ ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከተተቻቸው። በዳሳ ካቴናውን ይዞ ቆሞ «እጅዎን ያምጡ» አላት። ደጋግሞ ቢላትም አላወጣቻቸውም።