የማይፈታው ግድግዳ

የሽያጭ ሠራተኛው መሐሪ ሊሸጠው በቆመው ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። በንፋስ መውጫ ከተማ ዳር ለማሳያ በቆመው ተገጣጣሚ ቤት ደጃፍ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ገዢዎች ይመጣሉ ተብሎ ወንበር ተደርድሯል። በሩ ግን ከውስጥ ተቀርቅሮ አልከፈት አለ። መስኮቱን ሰብረው ሲገቡ መሐሪ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ወለሉ ላይ አመድ የሞላው የከሰል ማንደጃ አለ።

«ከሰል ነው የገደለው» አለ ቤቶቹን የሚገጣጥመው አበባው። «ብርዱ ጠንቶበት ይሆናል።»

ሰዉ ሁሉ ይህንኑ ተቀብሎ ማልቀስ ጀመረ። ከፖሊስ ጣቢያ የተጠራችው ኢንስፔክተር ብርቄ አስናቀ ግን ተንበርክካ ማንደጃውን በሁለት እጇ አነሣች። አጭር ሴት ናት፤ ዝግ ብላ ትናገራለች፤ ዝም ስትል ደግሞ ሰው ይጨንቀዋል።

«ይህ ወለል ፕላስቲክ ነው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያነጠፍኩት» አላት አበባው።

ሬሳውን ያየው የጤና ባለሙያ ጠጋ ብሎ ከቀኝ ጆሮው ኋላ እብጠት እንዳለ ነገራት።

«ወድቆም ሊሆን ይችላል።»

«አልጋ ላይ ወድቆ?» አለችው።

ወጥታ ቤቱን ዞረች። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርሱ ሰፋፊ ገበታዎች የተሠራ ነው፤ መጋጠሚያቸው በነጭ የሲሊኮን ማጣበቂያ ተደፍኗል። እየሄደች በጥፍሯ ጫን ጫን አደረገችው። ሁሉም ደርቆ ጠጥሯል። በጓሮ በኩል ሦስተኛው ገበታ ላይ ስትደርስ ጥፍሯ ሰመጠ። ወደ ታች ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

መጀመሪያ ያነጋገረቻት የመሐሪን የሥራ ባልደረባ ፀደይን ነው። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«መሐሪ እዚህ ቤት ሲያድር ከሰል ያነድ ነበር?»

«በፍጹም! ለገዢው መጀመሪያ የሚነግረው እኮ እሱን ነው። ‹ይህ ቤት እንደ ጭቃ ቤት አይተነፍስም፤ ከሰል እንዳታስገቡበት› ይላል። አለቆቻችን ገበያ ታበላሻለህ ብለው ሲቆጡት እንኳ አልተወም።»

«ትናንት የት ዋለ?»

«ስማዳ፣ ወገዳ። ወለተ ሚካኤል የሚባሉ ደንበኛችን ባለፈው ሳምንት ነፋስ ግድግዳ ጥሎባቸው ሞቱ። ቤቱን የሸጠላቸው እሱ ስለሆነ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ።» ፀደይ እንባዋን ዋጥ አደረገች። «ማታ መልእክት ላከልኝ። ‹ነገ ሽያጭ የለም፤ ለሰዎቹ የምነግራቸው አለ› ይላል።»

ቀጥሎ ግንበኛው ሙሉቀን መጡ። ሽበታም ናቸው፤ ገና ከጠዋቱ ጀምሮ የሰው ጣት ወደሳቸው ነበር የሚጠቁመው።

«ጋሽ ሙሉቀን፣ ገበያ መሐል ዝተውበታል ይባላል።»

«ዝቻለሁ፤ አልክድም። አርባ ዓመት ድንጋይ የጠረብኩበት ሙያ በካርቶን ሲለወጥ ዝም ልበል? እጄን ግን አላነሣሁበትም። ትናንት ከወገዳ ሲመለስ እዚህ ቆመን አውግተናል።»

«ምን አለዎት?»

«የወገዳውን ቤት መሠረት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለእንጀራ ነው፣ ምን ላድርግ። ‹ለብሎን ስንት ቀዳዳ ትተውለት ነበር?› አለኝ። አሥራ ስድስት ብዬ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።»

መጨረሻ ላይ አበባው ቀረበ። ረጋ ብሎ ነው የሚመልሰው።

«ይህ ግድግዳ ከውጭ ይፈታል?»

«አይፈታም። አንዴ ከተገጠመ ካልሰበሩት በቀር አይነቀልም።»

«አንተ መቼ ነው የነካኸው?»

«ከገጠምኩት ሦስት ሳምንት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ እጄ አላረፈበትም።»

ብርቄ ማስታወሻዋን ዘጋች። «ገዢዎቹም እናንተም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ» አለች።

ለሽያጭ በተደረደረው ወንበር ላይ ሁሉም ተቀመጡ። ከገዢዎቹ መካከል ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ሊገዙ የመጡት መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ።

«መሪጌታ፣ ይህን ቤት በምን ወደዱት?»

«ተፈትቶ ይሄዳል ብለውን ነዋ! ጉባኤው ቦታ ቢለውጥ ከውጭ ብሎኑን ፈትታችሁ ታነሡታላችሁ፤ ግድግዳውን አንድ ሰው ይሸከመዋል ብሎ ያስረዳን ራሱ ሟቹ ነው፤ ነፍሱን ይማርና።»

ሁሉም ወደ አበባው ዞረ።

«ገዢው የሚያውቀውን ገጣጣሚው ካደኝ» አለች ብርቄ። «ለምን እንደካደኝ ልንገራችሁ። መሐሪን ከሰል አልገደለውም። የጋለ ማንደጃ ፕላስቲክ ላይ ቢቀመጥ ያቀልጠዋል፤ ከሥሩ ግን የቃጠሎ ምልክት እንኳ የለም። ስለዚህ የገባው ሌላ ቦታ ነዶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ገዳዩ መሐሪን ከጆሮው ኋላ መትቶ ገደለው፤ አልጋው ላይ አጋደመው፤ ማንደጃውን አስቀመጠ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ አስቀድሞ ከውጭ ብሎኑን በፈታው ግድግዳ ወጣና መልሶ ገጠመው። ሦስት ሳምንት የሆነው ሲሊኮን ጠጥሯል። የሦስተኛው ገበታ ግን ገና ለስላሳ ነው።»

«ግድግዳው እንደሚፈታ ግንበኛውስ አያውቁም?» አለ አበባው።

«ያውቁ ይሆናል። ፀደይ፣ የመሐሪን መልእክት ለማን ነገርሽ?»

ፀደይ አፏን በእጇ ያዘች። «ለአበባው ብቻ... የዛሬው ሽያጭ እንዳይሰናከል ብዬ ደወልኩለት።»

«አበባው፣ ቀኝ አውራ ጣትህን አሳየኝ።»

አላሳየም። አንድ ፖሊስ እጁን ይዞ ዘረጋው። ጣቱን የቆየ ጠባሳ አግድም ሰንጥቆታል።

«ሲሊኮን በጣት ነው የሚዳመጠው። ከታች፣ መጨረሻው ላይ፣ ይኸው ጠባሳ እንደ ማኅተም ተቀርጿል።»

አበባው ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የወገዳ መንገድ ነው ያጠፋኝ» አለ። «መኪናው ሲነጥር የብሎኑ ካርቶን ወድቆ ጠፋ። በአራት ብሎን አቆምኩት፤ ተመልሼ እጨርሳለሁ ብዬ። ሳልመለስ ቀረሁ። መሐሪ ከለቅሶው ተነሥቶ ከወደቀው ግድግዳ ሥር ገብቶ አይቷል። ማታ እዚህ ስመጣ ‹ነገ በሰው ፊት አንተው ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

መሪጌታ አማተቡ። ፀደይ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ብርቄ ግን አልተነሣችም።

«ሌላስ? እንዲህ አድርገህ ያቆምከው ስንት ቤት አለ?»

አበባው ቀና ብሎ አየ። የደጁ ባሕር ዛፍ መወዛወዝ ጀምሯል።

«ስንት ነው ያልኩህ!»

«ሁለት። እዚያው መንገድ ላይ፣ አርብ ገበያ ከተማ። በአንደኛው አራት ልጆች አሉ። ዛሬ ገበያ ነው... እናታቸው ትወጣለች፤ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው።»

ብርቄ ስልኳን አውጥታ ለአርብ ገበያ ፖሊስ ደወለች። አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ። ደግማ ሞከረች። በሦስተኛው ሰው አነሣ።

«ሰዎቹን አሁኑኑ አውጡ! ዕቃ አታስለቅሙ፤ ሰዎቹን ብቻ!»

ሙሉቀን ተነሥተው ፀደይ ፊት ቆሙ። «ብሎኑ የት ነው ያለው?» አሏት። መጋዘኑን ከፈተችላቸው። አንድ ካርቶን ተሸክመው፣ ማንም ሳይጋብዛቸው የፖሊሱ መኪና ላይ ወጡ።

የመጀመሪያው ቤት ደረሱለት፤ ሙሉቀን አሥራ ሁለቱን ብሎን በእጃቸው አጠበቁ። ሁለተኛው፣ ልጆቹ የነበሩበት፣ ሳይደርሱለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደቀ። ውስጡ ማንም አልነበረም።