የአያ እንድሪስ ድንጋይ

«እህ ረቢአ፣ ምን አሉ?» አለ ቲቸር አንዋር፣ እስክሪብቶውን ደግኖ።

እሷስ ምን እንዳሉ መች አወቀች! የመስጊዱ አገልጋይ አያ እንድሪስ ፊቷ ቆመው ኦሮምኛቸውን እንደ ጎርፍ ለቀውባታል። ካወሩት ሁሉ የያዘችው «መስጊድ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ እሷን ደግሞ ማንም ያውቃታል።

«እ… መስጊዱ በጣም ያረጀ ነው አሉ።»

«እሱማ ይታያል!» አለ ሙሀመድአሚን ከኋላ። ልጆቹ ሳቁ።

እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተታት ጉራዋ ነው። የታሪክ ክበቡ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ከሚሴ አጠገብ ያለውን ይህን አሮጌ ሰፈር ሊጎበኝ ሲያስብ፣ የተገኘችው መኪና የምትይዘው አስራ አራት ልጅ ብቻ ነበር። ቲቸር «ኦሮምኛ የሚችል አለ?» ሲል፣ ቦታ እንዳያመልጣት የረቢአ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ። የአባቷ ዘመዶች የከሚሴ ሰዎች ናቸው፤ ይሄ ውሸት አይደለም። እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ኮምቦልቻ ነው። የምታውቀው ኦሮምኛ ሰላም ለማለት፣ ውሃ ለመጠየቅና ፍየል ለማባረር ቢበቃ ነው። እሱ አነሰና «አቀላጥፌ ነው የምናገረው» ብላ ጨመረችበት። ምላሷን በቆረጠው!

ፀሐዩ ግቢውን አግሎታል። ረቢአ ሻሿን ታጠብቃለች፣ መልሳ ታላላለች፤ እግሯም አንድ ቦታ አልቆም ብሏታል። ልጆቹ በዝቅተኛው በር አጎንብሰው እየገቡ፣ የብዙ ሰው እጅ ያለሰለሳቸውን የእንጨት ምሰሶዎች አይተው ይወጣሉ። እሷ ምኑንም አላየችም። መቼ በተሳፈርንና በሄድን ነው የምትለው።

«ማን እንደሠራው ጠይቂያቸው» አለ ቲቸር።

ጠጋ ብላ «መስጊድ… ኤኙ?» አለች፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መስጊድ ማን» እንደማለት ነው። አያ እንድሪስ ትንሽ አዩዋትና ፈገግ አሉ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኮረብታው እየዘረጉ ብዙ አወሩና «ዸገኤ መሌ ሂን አርጊኔ» ብለው ጨረሱ።

ዸጋ! ይቺንስ ታውቃታለች። ድንጋይ ማለት ነው። እፎይ!

«ድንጋይ አሉ! መስጊዱን የሠሩት ሰውዬ መጀመሪያ ያስቀመጡት ድንጋይ እስከ ዛሬ አለ ነው የሚሉት።»

«የቱ ነው?» የቲቸር ዓይን በራ።

ዓይኗ በግቢው ዞረ። ከውሃው በርሜል አጠገብ ጠፍጣፋና እርጥብ ድንጋይ አለ። ጣቷ ወደዚያ ሄደ።

«ያ… ያ ነው።»

ጉድ ፈላ። ቲቸር ጻፈ፣ ፎቶ አነሳ፣ ልጆቹ ተሻምተው ነኩት። «አቦ፣ ታሪክ በእጄ ነካሁ!» አለ ሙሀመድአሚን። ቲቸር ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣለት። «የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ላይ ለአንድ ሳምንት ብናቀርበውስ? በአደራ ወስደን እንመልሳለን። እስኪ ለምኚልኝ።»

ረቢአ አፏን ሳትከፍት አያ እንድሪስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጆቹ ወደ ድንጋዩ ሮጡ።

እንዴ! ገና መቼ ተረጎምኩና?

ወደ ሽማግሌው ተጠጋች። «አያ፣ አማርኛ ይሰማሉ እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሃያ ዓመት ደሴ ነግጄ እንዴት አልሰማ፣ ልጄ!» አሉ እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አስተማሪሽ አስተርጓሚ ይዘናል ብሎ አንቺን ወደፊት ሲያወጣሽ፣ እኔ በአማርኛ ባወራ ይቺ ልጅ ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ሰው በጓደኞቹ ፊት ሲያፍር ደስ አይልም።»

ፊቷ ጋለ። «ታዲያ ስለ ድንጋዩ ምን ነበር ያሉት?»

«ስለ ድንጋይ አንድ ቃል አልወጣኝም። ማን እንደሠራው ስሰማ አደግሁ እንጂ አላየሁም ነው ያልኩት። ዸገኤ ማለት ሰማሁ ነው። ወላሂ፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አላውቅም።»

ረቢአ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ያ ድንጋይስ?»

«እሱማ መቀመጫዬ ነው። ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ ለሰላት ስታጠብ ተቀምጬበት ነው ውዱእ የማደርገው። አምና ልጄ ከወንዝ አመጣልኝ።» ሳቅ አሉ። «ይውሰዱት፣ ግድ የለም። አንድ ሳምንት ምን አላት። አንቺ ብቻ አብሽሪ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቢቆጧት ታኮርፍና ይቀልላታል።

አራት ልጆች ድንጋዩን ተሸክመው ወደ በሩ እያዘገሙ ነው። «ቀስ! ታሪክ ነው የያዛችሁት!» ይላል ቲቸር። ዝም ብትልስ? ከሳምንት በኋላ ይመለሳል፤ ማንም አያውቅም። ብትናገር ግን ሙሀመድአሚን «ዸጋ» የሚል ስም አውጥቶላት ትምህርት እስክትጨርስ ሙድ ይይዝባታል። ታውቀዋለች።

የቀትሩ የዙሁር ሰላት ደርሷል። አያ እንድሪስ የውዱእ ጀበናቸውን ውሃ ሞልተው በርሜሉ ጋ ቆሙ። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ደግፈው እግራቸውን ለማጠብ አነሱና ተንገዳገዱ። አወረዱት። እንደገና ሞከሩ።

«ቲቸር!»

ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ሁሉም ዞሩ፤ የተሸከሙትም ድንጋዩን መሬት አስቀመጡት።

«ድንጋዩ ይመለስ። እሳቸው ድንጋይ የሚባል ነገር አላሉም። እኔ… እኔ ኦሮምኛ አልችልም።»

የቲቸር እስክሪብቶ ባለበት ቀረ። ሙሀመድአሚን መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ከንፈሩ ለሳቅ መላቀቅ ጀመረ። ረቢአ እስኪስቅ አልጠበቀችም። ሄዳ በአንደኛው ጫፍ ጎንበስ አለችና ድንጋዩን ያዘች።

«በዚያ በኩል አንሳልኝ» አለችው። «ሰላት ሳያልፋቸው።»